«ይችላል» የምትለዋን ቃል «አለበት» ለማስደረግ ነው የምንወተውተው፤ ለደሴው ወንድሜ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ የደሴ ልጅ ወንድማችን የጻፈውን አነበብኩ። ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ መጀመሪያ ላይ ተናድጄ ስለነበር፣ ተናዶ ያነበበ ሰው ደሞ የተጻፈውን ሳይሆን የፈራውን ነው የሚያነበው። ላላያችሁት ባጭሩ፦ እኛ የተወሰንን ሰዎች ለከተማና ለክልል ምክር ቤት ተመራጮች ደብዳቤ እየጻፍን፣ በከተማ ፕላን ሕግ ውስጥ የወንዝ ዳር፣ ተዳፋትና አረንጓዴ ቦታ በግልጽ ይጠበቅ እያልን መወትወታችን ከተማዋን ወደኋላ መጎተት ነው ይላል። ደሴ መሬት የላትም፣ ቤት የሌለው ወጣት እያለ ስለ ዛፍ ማውራት ቅንጦት ነው፤ ሕጉ ድሮም አለ፤ ተመራጭ መወትወት የፈረንጅ ነገር ነው፣ ተፈጥሮ የሚወድ ችግኝ ይትከል፤ እንግሊዞች ራሳቸው ሕጋቸውን እያላሉት ነው፤ ኮምቦልቻም ፋብሪካ ባይመጣላት የት ትደርስ ነበር። መጨረሻ ላይ ደሞ «ለመሆኑ ማን ወከላችሁ» ብሎ ጠይቆ ይዘጋል።

በተራ እመጣበታለሁ፣ የመጀመሪያው ላይ ግን ብዙ ነው የምቆየው ምክንያቱም እሱ ውስጥ እውነት አለ።

«ደሴ መሬት የላትም» ላልከው፣ ልክ ነህ። ደሴን ያየ ሰው ያውቀዋል፣ ባንድ ጎን ጦሳ ተራራ፣ ባንድ ጎን አዝዋ ገደል፣ መሀሉን ቦርከና ወንዝ፣ ሰው ሲበዛ መሄጃው ወይ ወደ ተራራው መውጣት ነው ወይ ወደ ወንዙ መውረድ። እኔም ተከራይ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ በማህበር ተደራጅቶ ቦታ ሲጠብቅ ትዳር ያዘ፣ ወለደ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ገባ፣ አሁንም እናታችን ግቢ ውስጥ ባለችው አንዲት ክፍል ነው ያለው። ስለዚህ የቤት ችግርን ከሩቅ እንደሚያይ ሰው አትቁጠረኝ፣ እኛ ቤት እራት በቀረበ ቁጥር የሚነሳ ወሬ ነው።

ግን ጥያቄው መሬት አለ ወይስ የለም አይደለም። ያለችውን ጠባብ መሬት የቱ ላይ እንሥራ፣ የቱን ደሞ ዝም ብለን እንተወው ነው። የተራራው ሥር ላይ ያለው ብዙው አፈር ከላይ እየተናደ የተጠራቀመ ድንጋይና አፈር ነው፣ አንድ ወጥ አለት አይደለም። ክረምት ሲገባ፣ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ደሞ በሐምሌና በነሐሴ ነው የሚወርደው፣ ውሃው ሰርጎ ይገባና አፈሩ ይከብዳል፣ ከሥሩ ሸክላ አፈር ካለ ደሞ እንደ ሳሙና ያንሸራትተዋል። ዛፍና ቁጥቋጦ ካለበት ሥሩ ያዝ ያደርገዋል። አሁን አንዱ ይመጣና ቤት ለመሥራት ብሎ የተዳፋቱን እግር በኤክስካቫተር ይቆርጠዋል፣ ከላይ ያለው ሁሉ ተደግፎት የነበረው እሱን ነበር። ጣራውና አስፋልቱ ደሞ ውሃ ስለማያሰርግ ዝናቡን ባንድ ጊዜ ወደ ቦርከና ይለቀዋል፣ ቦርከና ሲሞላ ዳርቻውን ከሥር ከሥር ይበላል፣ ያን ጊዜ የሚሄደው የቆፈረው ሰውዬ ቤት ሳይሆን ከታች ያለው የሌላ ሰው ቤት ነው። ይሄ እኔ ያመጣሁት ነገር አይደለም፣ የደሴን የመሬት መንሸራተት የጂኦሎጂ ሰዎች ስንቴ አጥንተውታል፣ በየፈፋው የምታየው ጋቢዮንም (በሽቦ የታሰረው የድንጋይ ካብ) ለጌጥ አልተደረደረም።

እናቴ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሌሊት ሲጠና አትተኛም። የቤቱን ካርታና የልጆቿን ሰርተፍኬት በፌስታል ጠቅልላ ራስጌዋ አድርጋ፣ ነጠላዋን እንደለበሰች ቁጭ ብላ ታነጋለች። ልጅ ሆኜ ሰላት ወይ ጸሎት የሚመስለኝ ነበር፣ ለካ ተራራውን እያዳመጠች ነው። እንዲህ የምታነጋ እናት ደሴ ውስጥ አንድ ሁለት እንዳይመስልህ።

በሐምሌ 2016 ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ላይ በመሬት መንሸራተት የሆነውን ሁላችንም አይተናል፣ ከ200 በላይ ሰው ነው ያለቀው፣ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡት ሰዎች ላይ ተራራው ድጋሚ ተናደባቸው። እሱ ገጠር ነው፣ የአፈሩም ነገር ከኛ ይለያል፣ አንድ ነው አላልኩም። ግን ተዳፋት ላይ ሰው ማስፈር ምን ማለት እንደሆነ ከዚያ በኋላ አላወቅንም ነበር ማለት አንችልም። ለዚያ ቤት ለሌለው ወጣት የምንሰጠው ቦታ ይሄ ከሆነ ቤት ሰጠነው ይባላል? «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለ፣ እዚህ የሚፈታው ግን መቀነት ሳይሆን ቤተሰብ ነው።

ደሞ አንድ ነገር በደንብ እናጥራ። አረንጓዴ ቦታ ሲነካ ሁሌ ለድሃ ቤት ይሠራበታል ብለህ ነው የጻፍከው። እኛ ሰፈር ልጅ እያለን ኳስ የምንጫወትባት፣ ሰርግም ለቅሶም ሲኖር ድንኳን የሚጣልባት ሜዳ ነበረች፣ ፕላኑ ላይ አረንጓዴ ተቀብታ አይቻታለሁ በዓይኔ። አንድ ቀን ጠዋት ቆርቆሮ ታጠረባት። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ወደ ሚመለከተው ቢሮ ሄዱ፣ እኔም አብሬ ነበርኩ፣ «የፕላን ማሻሻያ ተደርጎበታል» የሚል መልስ ነው ያገኘነው፣ መቼ ተሻሻለ ማንን ጠየቃችሁ ስንል ወረቀት የሚያሳየን አልተገኘም። ዛሬ እዚያ ላይ የቆመው ለኪራይ የተሠራ ፎቅ ነው፣ ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ላዩ ቢሮ። ወንድሜ እዚያ ውስጥ አልገባም። ሜዳዋም ሄደች፣ ቤቱም አልተገኘ።

እንግዲህ ሁለተኛው ነጥብህ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው፣ «ሕጉ ድሮም አለ፣ ሌላ ሕግ ምን ያደርጋል»። ይሄን ነጥብ ስታነሳ ደስ ብሎኛል ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚያልፈው እዚች ጋ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት አለን ይላል፣ አንቀጽ 92 ደሞ የልማት ሥራ አካባቢን እንዳያጠፋ፣ ሕዝብም በሚነካው ጉዳይ ሐሳቡን እንዲሰጥ። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ 299/1995 ወጣ፣ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 ወጣ፣ የከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000 ወጣ። አለ፣ ሞልቷል፣ አልካድኩም። ግን ቁጭ ብለህ ቃላቱን አንብባቸው።

የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ 197/1992 የወንዝ ዳርቻን የሚመለከት ድንጋጌ አለው። ተቆጣጣሪው አካል የወንዝ ዳርቻን ወሰን ሊከልል፣ በተከለለው ውስጥ ዛፍ እንዳይቆረጥና መኖሪያ ቤት እንዳይሠራ ሊከለክል «ይችላል» ነው የሚለው። ይችላል! መቻል ማለት ደሞ አለመቻልም ነው፣ ባይከልል ማንም አይጠይቀውም፣ ከስንት ሜትር ስንት ሜትር እንደሆነም እዚያ የለም፣ ለቦርከና ስንት ሜትር ይተው ብትለኝ የማሳይህ አንቀጽ የለኝም። የፕላን አዋጁም መዋቅራዊ ፕላን ሲሠራ የአካባቢ ጉዳይ ይካተት ይላል፣ እንዴት እንደሚካተት፣ ምን ያህል ተዳፋት የሆነ መሬት ላይ ቤት እንደማይሠራ፣ አረንጓዴ የተባለው ቦታ ለሌላ ነገር ሲዞር ምን ማሟላት እንዳለበት ግን ቁርጥ ያለ ነገር አላስቀመጠም። 30፣ 30፣ 40 የሚባለውን ሰምተሃል፣ ከከተማው መሬት 30 በመቶ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለጋራ ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ፣ በየስብሰባው ይነገራል። ያ ስታንዳርድ ነው፣ አዋጅ አይደለም፣ ስታንዳርድ ሲጣስ ደሞ ፍርድ ቤት ሄደህ የምትቆምበት መሬት የለህም። እኛ ሰፈር ሜዳዋ ስትሄድ ያነሳነው ይሄንኑ ነበር፣ «እሱ መመሪያ ነው» ተባልን።

ስለዚህ የምንጠይቀው አዲስ ክምር ሕግ አይደለም። ያለው ሕግ ውስጥ «ይችላል» የሚለው «አለበት» ይሁን፣ ሜትሩ ይጻፍ፣ ተዳፋቱ በቁጥር ይቀመጥ፣ አረንጓዴ ቦታ ሲለወጥ ካቢኔ ብቻውን ሳይሆን ምክር ቤቱ በግልጽ ድምፅ ሰጥቶ ነዋሪውም አስቀድሞ ተሰምቶ ይሁን ነው። ይሄን ማድረግ የሚችለው ደሞ ዛፍ ተካዩ አይደለም፣ የከተማው መሐንዲስም አይደለም፣ እጅ የሚያወጣው ተመራጭ ነው። መሬትን በፌዴራል ሕግ መሠረት የሚያስተዳድረው ክልል ስለሆነ የክልሉ ምክር ቤት ብዙ መሥራት ይችላል፣ ከተማችን ውስጥ ያለው ምክር ቤትም የራሱ ድርሻ አለው። ሰዎቹ ደሞ ሰማይ ላይ አይደሉም ያሉት፣ ስልካቸው አለን፣ ለቅሶ ላይ እናገኛቸዋለን።

ይሄ ወደ «የፈረንጅ ነገር ነው» ወዳልከው ይወስደኛል። ወንድሜ፣ ሎቢ የሚለው ቃል ፈረንጅኛ ሊሆን ይችላል፣ ነገሩ ግን ያንተም የኔም አያቶች የሚያውቁት ነው። አቤት ማለት ከመቼ ወዲህ ነው የውጭ ነገር የሆነው? የኛ ሰው ውሃ ሲከለከል፣ ግጦሽ ሲወሰድበት፣ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ቄሱም ሼሁም አብረው ሆነው፣ ባለሥልጣን ደጅ ሄዶ አቤት ብሎ ነው የኖረው። ልዩነቱ ድሮ አቤት የሚባለው ከተወሰነ በኋላ ነበር፣ እኛ የምንለው ከመወሰኑ በፊት ረቂቁ ቋሚ ኮሚቴ ጋ እያለ እንሂድ ነው። ረቂቅ አዋጅ ምክር ቤት ሲገባ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፣ ኮሚቴው መድረክ ይከፍታል፣ እዚያ መድረክ ላይ ወንበር አለ፣ የቤት አልሚዎችም ነጋዴዎችም ሄደው ይቀመጡበታል፣ መብታቸው ነው። ቦርከና ዳር የምትኖረዋ ሴትዮ ወንበር ግን ባዶ ነው። ድሮ በ2001ዱ የማህበራት ሕግ ጊዜ ብዙ ድርጅት ይሄን መንካት ይፈራ ነበር፣ አዋጅ 1113/2011 ከወጣ በኋላ ግን አገር በቀል ድርጅት ሕግ ይሻሻል ብሎ ሐሳብ ማቅረብ በግልጽ ተፈቅዷል። ግለሰብ ዜጋ ደሞ መጀመሪያውኑ ማንም አልከለከለውም።

ችግኙንስ? እንተክላለን፣ አረንጓዴ አሻራ በ2011 ከተጀመረ ጀምሮ ክረምት አላመለጠኝም፣ ጉድጓድ ቆፍሬአለሁ፣ ጦሳ ላይ የተከልኩት ጥድ ዛሬ ከኔ ቁመት በልጧል። ግን ችግኝ የሚቆመው መሬቱ ከተጠበቀ ነው። የተተከለበት ቦታ ነገ ለሊዝ ከወጣ የተከልነውም አብሮ ይወጣል። እዚሁ ኮምቦልቻ አጠገብ የጎፍ ደን ውስጥ ያለው ወይራና ጥድ ዛሬ ድረስ የቆየው ሰው በየዓመቱ ስለተከለው አይመስለኝም፣ ቦታው ደን ነው ተብሎ ስለተከለለ ነው።

እንግሊዝን በተመለከተ የጻፍከው ግማሹ ትክክል ነው። በፈረንጆቹ መጋቢት 2025 የእንግሊዝ መንግሥት የፕላንና የመሠረተ ልማት ረቂቅ ሕግ አቀረበ፣ ቤት በፍጥነት እንሥራ፣ የተፈጥሮ ሕጉ እያዘገየን ነው አለ፣ ለሌሊት ወፍ ተብሎ ባቡር ሐዲድ ላይ ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የወጣበትን መሸፈኛ አንተም ጠቅሰኸዋል፣ እኔም ብዙ ገንዘብ ነው እላለሁ። ግን ታሪኩን መሀል ላይ ነው ያቆምከው። አልሚው በየቦታው ተፈጥሮን ከመጠበቅ ይልቅ ገንዘብ ለፈንድ ከፍሎ ሥራውን ይቀጥል የሚል ነበር ረቂቁ። መንግሥትን የሚከታተለው የራሳቸው ገለልተኛ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም ግንቦት ላይ ወጥቶ ይሄ ጥበቃውን ዝቅ ያደርገዋል ብሎ በግልጽ ተናገረ፣ የወፍና የዱር እንስሳት ማህበራት አባላትም ለየተመራጮቻቸው ሲጽፉ ከረሙ፣ ሐምሌ ላይ መንግሥት ራሱ ማሻሻያ አቅርቦ መስፈርቱን አጠበቀው። ሕጉ በዓመቱ መጨረሻ ጸደቀ፣ የጠየቁትን ሁሉ አላገኙም፣ ግን መጀመሪያ የቀረበው ወረቀት አይደለም የጸደቀው። እኛም ይሄንኑ ነው የምንለው። ደሞ ሕጋቸውን እያላሉት ነው ባልከው አገር ውስጥ ከየካቲት 2024 ጀምሮ አብዛኛው ግንባታ ከነበረው ቢያንስ 10 በመቶ የተሻለ ተፈጥሮ ትቶ እንዲሄድ፣ ያንንም ለ30 ዓመት እንዲጠብቅ በ2021ዱ ሕጋቸው ይገደዳል። እነሱ ከሰገነት ላይ አንድ ደረጃ ይውረዱ አይውረዱ ነው የሚጨቃጨቁት፣ እኛ ገና መሰላሉን አላቆምንም።

ኮምቦልቻ። ይሄን አጠር አደርገዋለሁ፣ ዘመዶቼ እዚያ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራሉና በሥራ ነገር መጫወት አልፈልግም። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ሲመረቅ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አሁንም ፋብሪካ ይዘጋ ያለ ሰው ከኛ ውስጥ የለም። ግን ከደሴ ኮምቦልቻ በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ቁልቁለቱ ደሞ ከ600 ሜትር በላይ ነው፣ ደሴ የጣለችውን ቦርከና ይዞት ይወርዳል፣ ኮምቦልቻ ላይ የፋብሪካ ፍሳሽ የገባባቸው ትንንሽ ወንዞች ይቀላቀሉታል፣ ተመራማሪዎች እዚያ ውሃ ውስጥ ከባድ ብረቶችን ለክተው አሳትመዋል። ከዚያ ውሃው የት ይሄዳል? ከሚሴ፣ ጨፋ። ጨፋ ረግረግ ላይ በበጋ የአፋሩም፣ የኦሮሞውም፣ የአርጎባውም ከብት ነው የሚወርደው፣ ሌላው ቦታ ሲደርቅ የሚተርፉት በዚያ ሣር ነው። ስለዚህ የከተማ ፕላን ላይ «እዚህ ወንዝ ዳር ፋብሪካ ይቀመጥ» ብለን ስንወስን የምንወስነው ለራሳችን ብቻ አይደለም፣ ድምፅ ላልሰጠን ሰው ከብት ውሃም ነው። አዋጅ 300/1995 ማንም ሰው ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማሳየት ሳያስፈልገው በበካይ ላይ አቤቱታ እንዲያቀርብ፣ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ካጣ ወይም ካልተስማማ ፍርድ ቤት እንዲሄድ ይፈቅድለታል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ሰው ብዙ ጊዜ የሚደርስበት ከተበከለ በኋላ ነው። ፋብሪካው ሳይተከል ቦታውን የሚመርጠው ፕላን ነው፣ ለዚህ ነው ፕላኑ ላይ የምንጮኸው።

«ማን ወከላችሁ» ላልከው፣ ማንም። ማህተም የለንም፣ ድርጅት አይደለንም፣ ከሰባት ሰፈር የተገናኘን አስራ አንድ ሰዎች ነን፣ ሁለቱ አስተማሪ፣ አንዱ ግንበኛ፣ አንዷ ጡረታ የወጣች ነርስ። ሁላችንም የጻፍነው በየስማችን ነው። አንቀጽ 43 ማኅበረሰቡን በሚነካ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ የመጠየቅ መብት ለዜጋ ሰጥቶታል፣ እኛም ዜጋ ነን፣ አንተም ነህ። የኔ ደብዳቤ አንድ ገጽ ተኩል ነው። ቦርከናና ገባሮቹ ግራና ቀኝ ስንት ሜትር እንደሚተው በቁጥር ይጻፍ፣ ተዳፋት ላይ የግንባታ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት የአፈር ጥናት ግዴታ ይሁን፣ አረንጓዴ ቦታ የሚለወጥበት ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት ቀበሌ ቦርድ ላይ ይለጠፍ የሚል ነው። ባለፈው ማክሰኞ መዝገብ ቤት አስገብቼ ቁጥር ተሰጥቶኛል። መልስ ገና አልመጣም፣ የሚቀጥለው ሳምንት ሄጄ እጠይቃለሁ። አንተም የቤቱ ጉዳይ ያሳስበኛል ብለህ የለ፣ ለወጣቱ የተረጋጋ መሬት ላይ ቦታ ይዘጋጅ ብለህ ጻፍና አብረን እንሂድ፣ መዝገብ ቤቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሰልፍ የለውም።